ጋሪዋን መጀመሪያ የጎተተች ሴት

በሙኒክ የምድር ውስጥ ባቡር፣ ዩ5 በሚባለው መስመር፣ ከመጨረሻው ፌርማታ አንድ ቀድሞ ወረድኩ። ጣቢያው ቴሬዘ ጊዘ አሌ ይባላል። ሰፈሩ ኖይፐርላኽ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተገነባ፣ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች የበዙበት ሰፈር። አብረውኝ የወረዱት ሰዎች የገበያ ከረጢታቸውን አንጠልጥለው ወደየቤታቸው ተበተኑ። እኔ ግን ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ስም እያየሁ ቀረሁ። "ጊዘ" ለአማርኛ ጆሮ "ጊዜ" ይመስላል። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ የሰማሁ ዕለትም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ጣቢያው የተከፈተው በ1980 ነው፤ ባለስሟ ሴት ካረፈች ከአምስት ዓመት በኋላ። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህቺ ከተማ አሳዳ ያባረረቻትን ሴት ስም ዛሬ የባቡሩ ድምፅ ማጉያ በየጥቂት ደቂቃው ይጠራዋል። ከቦርሳዬ ደብተሬን አውጥቼ የጻፍኩት የመጀመሪያ መስመር ይኸው ነበር።

ወደዚህች ሴት ያደረሰኝ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ጸጋዬ የቤርቶልት ብሬሽትን ተውኔት "እናት ዓለም ጠኑ" ብሎ ወደ አማርኛ ማምጣቱን ቴአትር ወዳድ ሁሉ ያውቃል። ብሬሽት እናት ኩራዥ ይላታል። ጋሪዋን እየጎተተች የጦር ሠራዊት ተከትላ የምትነግድ እናት ናት። ጦርነቱ እንዲያበላት ትፈልጋለች፤ ጦርነቱ ግን በምላሹ ልጆቿን አንድ በአንድ ይወስድባታል። ስለዚያች ጋሪ ሳስብ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኝ ነበር። የጋሪዋን ሞፈር የመሰለ እንጨት ለመጀመሪያ ጊዜ ይዛ መድረክ ላይ የወጣችው ተዋናይ ማን ነበረች? መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ሚያዝያ 19 ቀን 1941 ምሽት፣ ዙሪክ ከተማ፣ ቴሬዘ ጊዘ የተባለች የሙኒክ አይሁዳዊት ስደተኛ። ስለዚህ መጀመሪያ ሙኒክን፣ ቀጥሎ ዙሪክን ማየት ፈለግሁ።

የተወለደችው መጋቢት 6 ቀን 1898 ሙኒክ ውስጥ ነው። ቤተሰቦቿ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሷ ከአምስት ልጆች የመጨረሻዋ። የቤተሰቡ ስም ጊፍት ነበር፤ ቃሉ በጀርመንኛ መርዝ ማለት ነው። ወደ መድረክ ስትወጣ ጊዘ የሚለውን ስም ያዘች። መልኳና ቁመናዋ ዘመኑ ከሴት ተዋናይ የሚጠብቀው ዓይነት አልነበረም። ወፈር ያለች ነበረች፤ ፊቷም ሰፊ። ገና በወጣትነቷ የእናትን፣ የአክስትን፣ የባልቴትን ገጸ ባሕርይ መጫወት ጀመረች። ሌላዋ ብትሆን ይህን እንደ መገፋት ትቆጥረው ነበር። ቴሬዘ ግን ያንን አካል እንደ ርስት መሬት አረሰችው። ዚገን፣ ግላይቪትስ፣ ላንድስሁት፣ ብሬስላው እያለች ከትንሽ ከተማ ትንሽ ከተማ እየዞረች ሠራች፤ በ1926 ወደ ተወለደችበት ሙኒክ ተመልሳ ካመርሽፒለ የተባለውን ቴአትር ቤት ተቀላቀለች።

ካመርሽፒለ ዛሬም ማክሲሚሊያን ጎዳና ላይ አለ። ሕንፃው በ1901 የተሠራ ነው፤ ቴአትር ቤቱ ወደዚህ የገባው እሷ በተቀጠረችበት በዚያው ዓመት፣ በ1926 ነበር። ጎዳናው አሁን የውድ ልብስና የውድ ሰዓት መደብሮች ሰፈር ሆኗል። የቴአትሩ መግቢያ በመደብሮቹ መካከል ስለተሸሸገ አንዴ አልፌው ሄጄ ተመለስኩ። በዚህ ቤት ኦቶ ፋልከንበርግ በሚመራው ቡድን ውስጥ ሰባት ዓመት ሠራች። የተለያየ መደብ ያላቸውን ሴቶች፣ አጣቢዋንም ሀብታሟንም፣ በባቫሪያ ምድር ቃና ባለው ድምፅ ተጫወተች። ሙኒክ ስትሰማት የራሷን ድምፅ ትሰማ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከዚህ ድምፅ ጋር የተያያዘ ነው።

ከካመርሽፒለ ተነስቼ በእግሬ ወደ ኖይቱርም ጎዳና ሄድኩ፤ ሩቅ አይደለም። ከታዋቂው የቢራ አዳራሽ ከሆፍብሮይሃውስ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ቦንቦኒዬር የሚባል ትንሽ የመዝናኛ ቤት ነበረ። ጥር 1 ቀን 1933 ምሽት በዚያ ቤት አንድ አዲስ ካባሬት ተከፈተ። ካባሬት ለማያውቀው አንባቢ ቅርቡ ምሳሌ አዝማሪ ቤት ነው። ሰው እየበላና እየጠጣ ይቀመጣል፤ መድረኩ ትንሽ ነው፤ ዘፈን አለ፣ አጭር ጨዋታ አለ፣ ሹማምንትን የሚሸነቁጥ ግጥም አለ። ልዩነቱ ካባሬት አስቀድሞ ተጽፎ የተጠና መሆኑ ነው። መሥራቾቹ ኤሪካ ማን፣ ወንድሟ ክላውስ ማን፣ ፒያኖ ተጫዋቹና የዜማ ደራሲው ማግኑስ ሄኒንግ፣ እና ቴሬዘ ጊዘ ነበሩ። ኤሪካና ክላውስ የታላቁ ደራሲ የቶማስ ማን ልጆች ናቸው። ስሙንም ያወጣው አባትየው ነው። ቤተሰቡ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ስም ሲጠፋ የቁንዶ በርበሬ መፍጫውን አንስቶ አሳያቸው፤ ካባሬቱም "ቁንዶ በርበሬ መፍጫ" ተባለ፤ በጀርመንኛው ዲ ፕፌፈርሙለ። ኤሪካ ጻፈች፣ መድረክም አስተዋወቀች። ቴሬዘ ዝግጅቱን መራች፣ ዋናዋም ተዋናይ ሆነች። ሁለቱ ሴቶች በሥራ ብቻ ሳይሆን በፍቅርም የተሳሰሩ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ይህ በራሱ ድፍረት የሚጠይቅ ነው።

ካባሬቱ በተከፈተ በ30ኛው ቀን ሂትለር መራሔ መንግሥት ሆነ። እነሱ ሥራቸውን አላቆሙም። ሂትለር በ1920 የፓርቲውን ባለ 25 ነጥብ ፕሮግራም ያወጀው በሆፍብሮይሃውስ ውስጥ ነው። ከዚያ አዳራሽ ጀርባ፣ በዚያ የካቲት፣ ቦንቦኒዬር በየምሽቱ ይሞላ ነበር። ቆሜ ሁለቱን ስፍራዎች በዓይኔ ለካሁ። ከአንዱ ደጃፍ ሆኖ ጮክ ብሎ የሚዘፍንን ሰው ከሌላው ደጃፍ መስማት ይቻላል። አሁን ከሆፍብሮይሃውስ የነሐስ መሣሪያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቱሪስቶች ይገባሉ ይወጣሉ።

ሂትለር የሚለውን ስም መድረኩ ላይ ጠርተውት አያውቁም። የተረት ንጉሥ፣ የዓሣ አጥማጅ ሚስት፣ የውሸት አገር ልዑል እያሉ ይናገሩ ነበር። ተመልካቹም ከሰሙ ሥር ወርቁን ያገኘዋል። እኛ ዘንድ ይህ ትርጓሜ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፤ ሰምና ወርቅ በቅኔ ቤትም በአዝማሪ ቤትም ያደገ ጥበባችን ነው። ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሰምና ወርቅ የሚሠራው ተናጋሪና ሰሚ አንድ ቋንቋ ላይ አብረው ሲያድጉ ብቻ ነው። ቃሉን ብቻ ተርጉመህ ብትሰጠው እንግዳው ሰሙን ይዞ ይሄዳል።

መጋቢት 9 ቀን ናዚዎች የባቫሪያን መንግሥት ያዙ። በዚያው ወር ቴሬዘ ከተማዋን ጥላ ሸሸች። 35 ዓመቷ ነበር።

ሰፈሮቹን ዞሬ በዋልኩበት ዕለት ማታ ሙኒክ የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ ቤት ቡና ተጠራሁ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መድረክ ላይ የሠሩ፣ አሁን በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ ናቸው። ስማቸውን እንድጽፍ ስላልፈለጉ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። ስለ ጉዞዬ ስነግራቸው ስኒውን አስቀመጡና "እናት ዓለም ጠኑ? እሷን ነው የምትለኝ?" አሉ። ተውኔቱን በልጅነታቸው እንዳዩት ያን ምሽት ነው ያወቅሁት። ከዚያ ስለ ቴሬዘ የማውቀውን ሁሉ አስለፈለፉኝ።

"እዚህ መጥተው መድረክ ላይ ወጥተው ያውቃሉ፣ እትዬ?" አልኳቸው።

"ለበዓል፣ ለማኅበር ዝግጅት አዎ። በጀርመንኛ ግን አልሞከርኩም።"

"ጀርመንኛዎ እኮ ጥሩ ነው።"

"ለሥራ ይበቃኛል የኔ ልጅ። ሽማግሌዎቹ ሲያማቸው አውቃለሁ፣ ሲቀልዱም እስቃለሁ። መድረክ ግን ሌላ ነው። አንድ ቃል ስትል ቃሉ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ካልመጣ፣ ብቻውን ምን ሊያደርግልህ ነው?"

ከዚያ በኋላ ዝም ብለን ሁለተኛውን ስኒ ጠጣን። ስነሳ ደጃፍ ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው "መቃብሯ ዙሪክ ነው አልከኝ? ሰላም በልልኝ። በአማርኛ በልልኝ" አሉኝ።

ከሙኒክ ዙሪክ በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ባቡሩ ሊንዳው ላይ የኮንስታንስን ሐይቅ ዳርቻ ይነካል፤ ብሬገንስ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ኦስትሪያን ያቋርጣል፤ ከዚያ ስዊዘርላንድ ነው። ሦስት አገር አለፍኩ፤ ቋንቋው ግን በሦስቱም ጀርመንኛ ነው፣ ቅላጼው ይለያይ እንጂ። መስኮቱ ላይ ተደግፌ ያሰብኩት ይህንን ነበር። ከጀርመን የተሰደዱት አርቲስቶች አብዛኞቹ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ኋላም አሜሪካ ገቡ። ሠዓሊው ቀለሙን፣ ሙዚቀኛው መሣሪያውን ይዞ ይሄዳል። ተዋናይ ግን ሥራው አፉ ውስጥ ነው። ለቴሬዘ ይህ ሐይቅ ወሰን ነበር፤ ከወሰኑ ማዶ ግን ተመልካቹ ያንኑ ቋንቋ ይሰማል። ስደትን በዚህ መልኩ ያገኙት ተዋንያን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ዙሪክ ውስጥ ኒደርዶርፍ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ አጋዘን የሚል ትርጉም ያለው ሂርሽን የተባለ ሆቴል አለ። በ1933 መኸር ላይ ቁንዶ በርበሬ መፍጫው በዚህ ቤት እንደገና ተከፈተ። ሰፈሩ ጠባብ ነው፤ መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ የቡና ቤት ወንበሮች ወደ ውጭ ወጥተዋል። ትንሽ አለፍ ብሎ ሽፒገል መንገድ ላይ ካባሬት ቮልቴር አለ። በ1916፣ በሌላው ጦርነት ወቅት፣ ሌላዋ ጀርመናዊት የካባሬት ተዋናይ ኤሚ ሄኒንግስ ከሁጎ ባል ጋር የከፈተችው ቤት ነው። ይህች ትንሽ ሰፈር በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የተሰደደ የጀርመን ካባሬት አስጠልላለች። እነ ቴሬዘ በሂርሽን በጀመሩ በማግስቱ ዓመት የስዊዞች የራሳቸው ካባሬት ኮርኒሾን እዚያው ሆቴል ውስጥ ተወለደ።

መጠለያው ግን የተሟላ አልነበረም። ስደተኛ በፖለቲካ እጁን እንዳያስገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ሙኒክ ላይ በጥንቃቄ የተጀመረው ሰምና ወርቅ ዙሪክ ላይ ግዴታ ሆነ። ቴሬዘ ድንቁርና ራሷ ሰው ሆና የምትናገርበትን ጨዋታ በዚህ ዘመን ተጫወተች። አገር የሚገዛው ማን እንደሆነ ያቺ ሴት ራሷ ደስ እያላት ትነግራችኋለች፤ ስም አልተጠራም፤ ማንም ግን አልተሳሳተም። ኅዳር 1934 ላይ ኩርሳል በተባለ አዳራሽ ሲጫወቱ የስዊዝ ፋሽስቶች ፊሽካ ይዘው ገቡ፤ ጮኹ፣ ረበሹ፣ ፖሊስ ብዙዎቹን አሰረ። ከዚያ በኋላ ያሉት ትርኢቶች በፖሊስ ጥበቃ ታዩ። መጨረሻው ግን አሳዛኝ ነው። የዙሪክ ካንቶን የውጭ ዜጎች የፖለቲካ ካባሬት እንዳያሳዩ የሚከለክል ውሳኔ አወጣ።

ፊሽካ የሚለውን ቃል ስጽፍ እጄ ቆመ። ከዚያ ምሽት ከዓመት ከሰባት ወር በኋላ፣ ሰኔ 30 ቀን 1936፣ በዚችው አገር ጄኔቫ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ መናገር ሲጀምሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች ፊሽካ ነፉባቸው። ንጉሡ ፈረንሳይኛ አሳምረው ይችሉ ነበር። የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። የጄኔቫውን ፊሽካ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነገር ሰምቼዋለሁ። የኩርሳሉን ግን እዚህ እስክመጣ አልሰማሁም ነበር።

ካባሬቱ ስዊዘርላንድን፣ ቼኮዝሎቫኪያን፣ ኔዘርላንድን፣ ቤልጅየምን፣ ሉክሰምበርግን ዞረ። ከጥር 1933 እስከ ነሐሴ 1936 ድረስ 1034 ጊዜ ቀረበ። በመካከሉ የፓስፖርት ጣጣ መጣ። ናዚዎች ኤሪካን በ1935 ዜግነቷን ገፈፏት። እንግሊዛዊው ገጣሚ ደብልዩ ኤች ኦደን ፓስፖርት እንድታገኝ ብሎ አገባት። በማግስቱ ዓመት ደግሞ በኦደን አገናኝነት ደራሲው ጆን ሃምፕሰን ቴሬዘን አገባት። እኛ በስደት ያለን ሰዎች "ወረቀት" የምንለው ነገር ነው። ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ ውስጥ ስለ ወረቀት ጋብቻ ሲወራ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ሐፍረት አለበት። ሁለቱ እንግሊዛውያን ግን እንደነዚያ ሴቶች ሁሉ የገዛ ጾታቸውን የሚያፈቅሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከጋብቻው ያገኙት ጥቅም አልነበረም። የሰው ነፍስ ለማዳን የተፈረመ ፊርማ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የወረቀት ጋብቻ ሲባል ድምፄን ዝቅ አላደርግም።

ከዚያ አሜሪካ። ጥር 1937 ኒውዮርክ ላይ፣ ቻኒን በተባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ውስጥ፣ ካባሬቱ በእንግሊዝኛ ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ጽሑፎቹ ተተርጉመው ነበር፤ ተዋንያኑም እንግሊዝኛውን አጥንተው ነበር። እትዬ ያሉት ዘመድ አዝማድ ግን ውቅያኖሱን አልተሻገረም። ኤሪካ አሜሪካ ቀርታ በእንግሊዝኛ የምትታወቅ ንግግር አቅራቢና ጋዜጠኛ ሆነች። ቴሬዘ ወደ ዙሪክ ተመለሰች። ብዙ ሰው ወደ አሜሪካ መግቢያ በሚፈልግበት ጊዜ እሷ አሜሪካን ትታ፣ ከሂትለር ድንበር በባቡር ሁለት ሰዓት ወደማይርቅ ከተማ ተመለሰች። ይህን ውሳኔ እብደት የሚሉ ይኖራሉ። እኔ በሕይወቷ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የማከብረው ይህንን ነው።

ወደ ሃይም አደባባይ የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነው። ሻውሽፒልሃውስ የተባለው የዙሪክ ቴአትር እዚህ ነው፤ ሰዎች ፕፋውን ይሉታል፣ ጣዎስ ማለት ነው። ከፊት ለፊቱ የከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ትራሞች ይመጣሉ፣ ተሳፋሪ ያራግፋሉ፣ ይሄዳሉ። ቴአትሩ ከውጭ ሲታይ የተለመደ የከተማ ሕንፃ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ግን በጀርመንኛ ነፃ ሆኖ የሚናገር ትልቅ መድረክ ከዚህ ሌላ አልነበረም ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ባለቤቱ ፈርዲናንድ ሪዘር ከ1933 ጀምሮ የተሰደዱ ተዋንያንን ቀጠረ። ከነሱ አንዱ ቮልፍጋንግ ላንግሆፍ ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ የወጣ ነበር። ከ1938 ጀምሮ ኦስካር ቬልተርሊን መራው። ቴሬዘ የዚህ ቡድን አባል ሆነች።

1941ን ለማሰብ ሞከርኩ። ስዊዘርላንድ ዙሪያዋን በጀርመንና በአጋሮቿ ተከባለች። በዚያ ሚያዝያ የጀርመን ጦር ዩጎዝላቪያንና ግሪክን እየወረረ ነበር። ስዊዝም ነገ ትወረራለች የሚል ፍርሃት ሰው ቤት ገብቷል። ብትወረር የዚህ ቴአትር ተዋንያን የሚጠብቃቸውን ያውቁታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው "እናት ኩራዥና ልጆቿ" መጀመሪያ የታየው። ብሬሽት ተውኔቱን በ1939 በስደት ስዊድን ሳለ ነው የጻፈው፤ በምረቃው ምሽት ግን ፊንላንድ ውስጥ ወደ አሜሪካ የሚያሻግር ቪዛ እየጠበቀ ስለነበር ሊያየው አልቻለም። ዝግጅቱን የመራው ሊዮፖልድ ሊንትበርግ፣ መድረኩንና ጋሪዋን የነደፈው ቴኦ ኦቶ ነበሩ። ጋሪዋን የጎተተችው ቴሬዘ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ተመልካቹ አለቀሰ። ጋዜጦቹም ስለ እናትነት፣ ልጆቿን ስለተነጠቀች እናት ሐዘን ጻፉ። ይህ ወሬ ሲደርሰው ብሬሽት አልተደሰተም። እሱ የፈለገው ተመልካቹ በሴትዮዋ እንዲፈርድባት ነው፤ ከጦርነት አተርፋለሁ ብላ ልጆቿን ያስበላች፣ መጨረሻ ላይም ምንም ሳትማር ጋሪዋን ይዛ ሠራዊቱን የምትከተል ነጋዴ ናት። ስለዚህ በ1949 ባለቤቱ ሄሌነ ቫይገል በርሊን ላይ ስትጫወተው እንባውን የሚቀንስ ለውጥ ጽሑፉ ላይ አደረገ። የቴአትር መጻሕፍት በዚህ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ለብሬሽት ይፈርዳሉ። እኔ ግን በዚያ ምሽት አዳራሽ ውስጥ የነበረው ሰው ተሳስቷል አልልም። መድረኩ ላይ የቆመችው ሴት ራሷ አገሯን የተነጠቀች ናት። ተመልካቹም ልጁ ለድንበር ጥበቃ የተጠራበት ሰው ነው። በዚያ ሰዓት በጀርመንኛ፣ ያውም በባቫሪያ ቃና፣ ጦርነት የሚያደርገውን ስትነግራቸው ማልቀሳቸው መረዳት ነው። እትዬም በልጅነታቸው "እናት ዓለም ጠኑ"ን አይተው አልቅሰው እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር፤ የመለሱልኝ በዓይናቸው ነው።

ብሬሽትም ቢሆን አልራቃት። ከአሜሪካ ተመልሶ ዙሪክ ሲመጣ ተገናኙ። በ1948 "ጌታ ፑንቲላና አሽከሩ ማቲ" እዚሁ ፕፋውን መድረክ ላይ ሲመረቅ ኮንትሮባንድ ነጋዴዋን ኤማን ሆና ተጫወተች። በ1949 ወደ በርሊን፣ ወደ ቡድኑ ወደ በርሊነር አንሳምብል ሄዳ ሠራች፤ ክላይስት የጻፈውን "የተሰበረው ማሰሮ"ም እዚያ አዘጋጀች። በ1950 ደግሞ ብሬሽት ራሱ ሙኒክ መጥቶ እናት ኩራዥን አዘጋጀ፤ በዚያው በካመርሽፒለ፣ በእሷው ተዋናይነት። ከ17 ዓመት በፊት ጥላው የሸሸችው መድረክ ላይ በዚያች ጋሪ ተመለሰች። ከዚህ በላይ የመመለስ ዓይነት አላውቅም።

ዱረንማት የተባለው የስዊዝ ተውኔት ጸሐፊ የጻፋቸውና እሷ መጀመሪያ የተጫወተቻቸው ሁለት ሴቶች ለብቻቸው አንድ ጽሑፍ ይወጣቸዋል። ጥር 1956 ላይ "የአሮጊቷ እመቤት ጉብኝት" ዙሪክ ሲመረቅ ክሌር ሳካናሲያንን ሆነች፤ በወጣትነቷ ከነፅንሷ የተባረረችበትን ከተማ ቢሊየነር ሆና ተመልሳ የካዳትን ሰው ሞት የምትገዛ ሴት። የተባረረች ሴት ተመልሳ ስትመጣ ምን ትጠይቃለች? ቴሬዘ ይህን ጥያቄ ከማንም ተዋናይ በላይ ከውስጥ ታውቀዋለች። በሕይወቷ ግን እንደ ክሌር አላደረገችም። ሙኒክ ተመልሳ ሥራዋን ሠራች። በ1962 የተመረቀው "የፊዚክስ ሊቃውንት" ውስጥ ያለው የአእምሮ ሕክምና ቤት ኃላፊ መጀመሪያ በጸሐፊው ሐሳብ ወንድ ነበር፤ ለእሷ ሲል ሴት አደረገው፤ መጽሐፉንም ለእሷ መታሰቢያ አድርጎ አሳተመው።

ከ70 ዓመቷ በኋላ የሠራቻቸው ፊልሞች ለኔ እንቆቅልሽ ናቸው። በ1974 ሉዊ ማል በሠራው "ላኮምብ ሉሲየን" ውስጥ ፈረንሳይ ተደብቀው ከሚኖሩ አይሁዳውያን ቤተሰብ አያት ናት። ከጥቂት ቃል በቀር አትናገርም። ካርታ ትደረድራለች፣ ታያለች። ያን ሁሉ ዓመት በድምፅዋ የኖረች ተዋናይ እዚያ ፊልም ውስጥ ዝምታዋ ክፍሉን ሁሉ ይገዛዋል። በመጨረሻው ፊልሟ "ብላክ ሙን" ውስጥ አልጋ ላይ የተኛች አሮጊት ናት፤ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ከአይጥ ጋር ታወራለች። ማል ፊልሙን ለእሷ መታሰቢያ አደረገው፤ ለሕዝብ ሲቀርብ አርፋለችና። መጋቢት 3 ቀን 1975 ሙኒክ ውስጥ ሞተች፤ 77 ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር። የተቀበረችው ግን ዙሪክ ነው።

በማግስቱ ጠዋት 6 ቁጥር ትራም ይዤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ወጣሁ። የፍሉንተርን መቃብር ከዙሪክ መካነ እንስሳት አጠገብ፣ ኮረብታው ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚመጣው ለጄምስ ጆይስ ነው። ደራሲው እግሩን አነባብሮ፣ ሲጋራ ይዞ፣ ከነሐስ ተሠርቶ ተቀምጧል። እሱም ዙሪክ የገባው ከጦርነቱ ሸሽቶ ነው፤ እናት ኩራዥ ከመመረቋ ከሦስት ወር በፊት ጥር 1941 ላይ ሞተ። አበባ የያዙ ጎብኚዎች ዙሪያውን ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ትንሽ አብሬያቸው ቆየሁና ወደ እሷ ሄድኩ።

እዚያ ማንም አልነበረም። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር አፈሩ ጥቁር ነው፤ ከላይ ከዛፎቹ ጠብታ ይወርዳል። አበባ አልያዝኩም ነበር። አንዲት ሴት ባልዲ ይዛ በአጠገቤ አለፈች፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ፤ በስዊዝ ጀርመንኛ። እስክትርቅ ጠበቅሁ።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ "እንደምን አደሩ" አልኩ። "ከሙኒክ ነው የመጣሁት። እትዬ ሰላም ብለዎታል።"